የእትዬ ጹያ ግራ እግር

በዚያ መኸር እትዬ ጹያ ኦሳናይ በፖም መረከቢያው ግቢ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሳጥን ክምር ጋር ተላተሙ። ዝናብ የለ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ፀሐይዋ ከኢዋኪ ተራራ በላይ ወጥታለች፤ የሚያመካኙበት ነገር አልነበረም። እኔ ከኋላቸው በራሴ መኪና ተራዬን እየጠበቅሁ ስለነበር ከመነሻው አየሁት። ያቺ ትንሽ ነጭ የጭነት መኪናቸው ልትነሳ ስትል መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ እንደ በረገገ በቅሎ ወደፊት ዘለለች። ክምሩ ተናደ። ፖሙ በግቢው ሁሉ ተንከባለለ።

ሰው አልተጎዳም። ሰው ስላልተጎዳም ሁሉም ለወሬ ጊዜ አገኘ።

"ነዳጁን ረግጠውት ነው።"

"ዕድሜ ነዋ! ሰማንያ አልፏቸው የለ?"

እትዬ ጹያ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ቁመታቸው ከመኪናዋ መስኮት እምብዛም አይበልጥም። ጎንበስ ብለው ፖሙን መልቀም ጀመሩ፤ ልንረዳቸው ስንጠጋ "ተዉት፣ የደፋሁት እኔ ነኝ" ብለው መለሱን። ሲጨርሱ ቀና አሉና፣ "መኪናዋን የነዳሁት እኔ ነኝ። ያዘለላት ግን እግሬ አይደለም፤ ፍሪሲዮኑ ነው" አሉ።

ከጀርባ አንድ ሰው ሳቀ።

የእርሻችን አጥር አንድ ስለሆነ እትዬ ጹያን አውቃቸዋለሁ። ለዚህ ቤት ሲዳሩ አማታቸው "ሴት ልጅ መሪ ከያዘች ቤት ማን ይይዛል?" ይሉ ነበር አሉ። እትዬ ጹያ ልጃቸውን ማሳኖሪን አዝለው መንጃ ፈቃድ ማውጫው ትምህርት ቤት ይመላለሱ ጀመር፤ ልጁን ለትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አስይዘው ይማራሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ያን ዳገታማ እርሻ የያዙት ብቻቸውን ነው። ያለ መኪና አይሆንም። መንገዱ ጠባብና ገደላማ ነው፤ ጭነት ይዞ ሲወረድ በፍሬን ብቻ የሚታመን ሰው ክረምቱን አያይም፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን አስይዞ ነው መውረድ።

በማግስቱ የሰፈራችን ሰብሳቢ ሳዋዳ የሩዝ ብስኩት ይዞ ቤታቸው መጣ። ሳዋዳ አብሮ አደጌ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ሰው መምከር ይወዳል። እኔም ጎመን ላደርስላቸው ሄጄ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

"እትዬ፣ መንጃ ፈቃዱን ለሚመልስ አዛውንት እኮ የአውቶቡስ ትኬት ይሰጣል" አላቸው።

"አውቶቡሱ እርሻዬ ድረስ ይወጣል?"

"አይ… እስከ መስቀለኛው ነው።"

"ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን በጀርባህ ታወጣልኛለህ?"

"እኔ እኮ ለእርስዎ አስቤ ነው።"

"አንተ ሳዋዳ! ልጅ ሆነህ ከኔው ዛፍ ወድቀህ ክንድህ የተሰበረ ጊዜ ሐኪም ቤት ያደረስኩህ በዚሁ እግሬ ነው። ያን ቀን ፍሪሲዮን አረጋገጤን አልጠየቅኸኝም፤ ታለቅስ ነበር።"

ሳዋዳ ብስኩቱን ራሱ ከፍቶ በላ።

"መኪናዋን አይታችኋል? ከፍታችኋል? አልከፈታችሁም" አሉት። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እሷን መፍታት ከብዷችሁ እኔን ልትፈቱ መጣችሁ።"

ሳዋዳ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ለልጃቸው ደወለ። ማሳኖሪ ሴንዳይ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ የመኪናዋን ቁልፍ ከበሩ ሚስማር አንስቶ ኪሱ ከተተ።

"እማዬ፣ በቃ።"

"ምኑ ነው የበቃው?"

"መንዳቱ ነዋ! ዛሬ ሳጥን ነው የገጨሽው። ነገ ሰው ብትገጪስ?"

እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር፤ የእትዬ ጹያ ፊት ሲከብድ አየሁ። ቀስ ባለ ድምፅ፣ "እኔ ለሰው የማልፈራ መሰለህ?" አሉ። "ጥፋቱ የኔ ከሆነ ፈቃዱን በገዛ እጄ እወረውረዋለሁ። ያልሠራሁትን ጥፋት ተሸክሜ ግን ከዚያች መኪና አልወርድም። መጀመሪያ ምን እንደሆነች ይታወቅ። ቁልፉ ኪስህ ነው አይደል? በል ንዳትና ፍረድ።"

ማሳኖሪ ጆሮው ቀላ። "የኔ ፈቃድ… ለአውቶማቲክ ብቻ ነው።"

እትዬ ጹያ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። "ወይ ጉድ! ማርሽ ነክቶ የማያውቅ ነው እግሬን የሚመረምረው! ኪዬ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አልኩ።

"እንግዲያው አንቺ ንጂ። እሱ አጠገብሽ ይቀመጥ። እኔ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ፤ እግሬ አጠገቧ አይደርስም።"

ተስማማን። ሞተሩን አስነሳሁ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። መኪናዋ እንደ ቅቤ ሄደች።

"አየሽ?" አለ ማሳኖሪ በመስኮቱ ወደ እናቱ ዞሮ።

"ገና ቀዝቃዛ ናት። ዳገቱን ውጡና ተመለሱ!"

ወጥተን ተመለስን። ሞተሩ ሞቋል፤ ከመቀመጫችን ሥር ሙቀቱ ይሰማል። አጥሩ ጋ አቁሜ እንደገና ልነሳ ስል መኪናዋ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ራደች፣ ከዚያ ሳላስበው ዘለለች። ማሳኖሪ "እናቴን!" ብሎ በሁለት እጁ ከፊቱ ያለውን መደገፊያ ያዘ። የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ እግሬም ጤነኛ ነው።

እትዬ ጹያ ከውጭ አልዘለሉም፣ አልጨፈሩም። "አሁን ወደ ኋላ" አሉ።

ማርሽ ኋላ ለማስገባት ስሞክር ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ ጮኸ።

"እስከ ታች ርገጪና ቆዪ። ትንሽ ቆይተሽ አስገቢ።" ቆየሁ፤ አሁንም ፈጨ። "አየህ ልጄ፣ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው ይለያል፤ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ይሄ አልለቅም ብሎ ተጣብቋል። ሲለቁት ደግሞ ቀስ ብሎ እንደመያዝ ይነክሳል። ኪዬ፣ አሁን የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ሦስተኛ አስገቢና ቀስ ብለሽ ልቀቂው።"

ስለቀው ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ።

"ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ሸራ ገና አላለቀም ማለት ነው። አልቆ ቢሆን ሞተሩ እየጮኸ ይቀጥል ነበር።"

ከዚያ የፖም ካርቶን ቀድደው ከመኪናዋ ሥር ዘረጉ። በማግስቱ ጠዋት ስናወጣው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ትይዩ ጥቁር የዘይት ጠብታ ነበረበት። ማሳኖሪ በጣቱ ነክቶ አሸተተው።

"ዘይቱ ወደ ሸራው እየገባ ነው" አሉት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከአበባው ጊዜ ጀምሮ እጠረጥር ነበር።"

"እማዬ! ፖም ሲያብብ አውቀሽ እስካሁን ትነጃታለሽ?"

"ጋራዥ ብወስዳት 'አሮጊቷ ፍሪሲዮን አቃጠሉ' ይላሉ። ለሳዋዳ ይደርሳል። ሳዋዳ ላንተ ይደውላል። ስትሞቅ ሳላቆም፣ ወደ ኋላ ሳልሄድ፣ እንዲሁ እያባበልኳት ከረምኩ።" ከዚያ ካርቶኑን አጠፉት። "ይሄ ጥፋት ነው። አውቃለሁ። ያን ግቢ ውስጥ ሕፃን ቆሞ ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።"

ሰኞ መኪናዋን እየነዳሁ ወደ ኩዶ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ማሳኖሪም ከሥራ አስፈቅዶ ቀርቶ ከእናቱ ጋር ተከተለኝ። ኩዶ ካምቢዮውን አውርዶ ሸራውን ወደ ብርሃን አወጣው። የሸራው ፊት በዘይት ረጥቦ፣ ተቃጥሎ፣ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ዘይት የሚያግደው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። እትዬ ጹያ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት።

ኩዶ ግን አንገቱን ያክ ጀመር።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልበል? ይሄ ኩሽኔታ…" ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ክብ ብረት እጁ ላይ አሽከረከረው፤ እንደ አሸዋ ተንኮሻኮሸ። "ይሄ በዘይት የተበላ አይደለም። ሰው እየነዳ እግሩን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፍ ነው እንዲህ የሚሆነው።"

ማሳኖሪ ወደ እናቱ ዞረ።

"ታዲያ እግርሽም ነው!"

እትዬ ጹያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። እንዲህ ሲቀመጡ የግራ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

"ጉልበቴ ነው" አሉ። "እግሬን ካወረድኩት መልሼ ሳነሳው ያመኛል። ስለዚህ እዚያው አኖረዋለሁ።"

አበቃ ብዬ አሰብኩ። ማሳኖሪም ያበቃ መስሎት ድምፁን አለስልሶ "እንግዲህ እማዬ…" ብሎ ሲጀምር፣ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ግማሹ የሷ ነው፤ ግማሹ የኔ። የሷ ግማሽ ምን ይደረጋል፣ ኩዶ?"

"ይቀየራላ። አዲስ ሸራ፣ አዲስ ኩሽኔታ…"

"ትጣል አላልክም።"

"ለምን ትጣላለች እማማ? ሞተሯ እኮ ጤነኛ ነው።"

"እኔስ ሞተሬ ምን ሆነ?" ብለው ደረታቸውን መቱ። "ጉልበት ነው የተበላው። ጉልበትም ይጠገናል። ብረቷን ለመጣል ያልቸኮላችሁ እኔን ለመጣል ምን አስቸኮላችሁ?"

ማሳኖሪ ወደ ውጭ ወጣ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ብዙ ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ብርዱ ይሁን ሌላ አልጠየቅነውም።

"ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ?"

"በረዶው ሲወድቅ። ፖሙ ዛፍ ላይ እያለ የትም ንቅንቅ አልልም።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ በጠራራ ቀን፣ ከእርሻ እስከ መረከቢያ ብቻ። ዋናው መንገድ አልወጣም። ግን ልብ በል፣ ይሄን የደነገግኩት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም።"

ኩዶ አዲሱን ዕቃ ከገጠመ በኋላ ከፔዳሉ በስተግራ አንድ ጠፍጣፋ እንጨት በቡሎን አሰረላቸው፤ ከፔዳሉ ጋር እኩል ስለሆነ እግራቸውን ሳያነሱ ወደ ጎን ብቻ ያንሸራትቱታል። እትዬ ጹያ ደጋግመው ሞከሩት። "ዝቅ አድርገው" አሉ። ዝቅ አደረገው። "አሁን ከፍ።" ኩዶ ላብ አጠመቀው።

በዚያው ሳምንት ፖም ጭነው መረከቢያው ሄዱ፤ ማሳኖሪ አጠገባቸው፣ እኔ ከኋላ። ወደ ማራገፊያው የምታስወጣው አቀበት ላይ ሰልፉ ቆሞ ስለነበር እሳቸውም መሃል ዳገት ላይ ቆሙ። የግቢው ሰው ወሬውን አቋረጠ፤ አንዱ ልጁን እጁን ይዞ ጎተተ። ተራቸው ሲደርስ የእጅ ፍሬኑ ተለቀቀ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ስንዝር ሳትንሸራተት፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳጥኖቿን እንደተሸከመች ወጣች።

ሳዋዳ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። "አሁን ዳነች እትዬ?"

"እሷ ድናለች። እኔ በረዶው ሲወድቅ ሐኪም ቤት እገባለሁ።"

"ቢሆንም በጸደይ የአዛውንቶች የመንዳት ፈተና አለብዎት።"

"ይፈትኑኛ! ብቻ ፈታኙ ማርሽ የሚያውቅ ይሁን፤ እንዲህ እንደ ልጄ ያለውን እንዳትልኩብኝ።"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ማሳኖሪም ሳቀ፤ ፊቱን በኮፍያው እየሸፈነ።

በክረምት ሂሮሳኪ ሐኪም ቤት ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረጉ። ቅርንጫፍ በሚገረዝበት ጊዜ በረዶው ላይ በምርኩዝ ቆመው "ያንን ቁረጪ፣ ያንን ተዪ፣ ኧረ ያኛውን አይደለም!" እያሉ ሲያሠሩኝ ሰነበቱ። የጸደዩን ፈተና አለፉ፤ አንድ የማቆሚያ መስመር ላይ ትንሽ አልፈው ቆመው ነጥብ ተቀንሶባቸዋል፤ መስመሩ ደብዝዟል ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ባለፈው ሳምንት ማዳበሪያ ጭነን አብረን ስንወጣ፣ እስከ መቼ እንደሚነዱ ጠየቅኳቸው። ደፍሬ ነው።

"የምተወውን ቀን የማውቀው እኔ ነኝ" አሉኝ። "እዚህ ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር ድምፁ ያልተሰማኝ ቀን፣ ማንም ሳይነግረኝ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ለሳዋዳ እንዳትነግሪው፤ በየቀኑ እየመጣ 'ተሰማዎት ወይ?' ይለኛል።"

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

"አሁን ዝም በይ፣ ልስማበት" አሉና ሁለተኛ አስገቡ።