እትዬ ኢርምጋርድ የተሳቀባቸው ቦታ

ይህን ወሬ መጀመሪያ ያመጣልኝ ዘውዱ ነው፤ የሮማነወርቅ ባል፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚያደርሳት። ዘውዱ ሲያወራ ግማሹን ይረሳል። እኔ ግን ፊደል ባልቆጥርም የሰማሁት አይጠፋብኝም፤ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ የማን ቤት ስንት መኝታ እንዳለው ሳይቀር ጠይቁኝ።

ሮማነወርቅ የምትንከባከባቸው አሮጊት እትዬ ኢርምጋርድ ይባላሉ፤ የጀርመን ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ነው። የቀጠራት ኤጀንሲ የነገራት ስለ ስኳራቸውና ስለ ጉልበታቸው ብቻ ነው። ሳሎን ውስጥ ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ደርበው የተነሱት ፎቶ አለ። ሮማነወርቅ “በተክሊል ነው ያገቡት” ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታከብራቸው ኖረች። ምን ይፈረድባታል! እኔ እንኳ ስዳር የደረብኩት ካባ አገር ጉድ ያሰኘ ነበር፤ እሱን እንተወው።

እሳቸው ግን የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ፤ ያለ ማይክ፣ ቲያትሩን በዘፈን የሚጫወቱት። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናቸው። በአስራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከአጃቢዎቹ ኋላ ተሰልፈው ጀመሩ፤ ቀስ በቀስ ፊት ወጡና የከተማቸው ቲያትር ሃያ አምስት ዓመት በእሳቸው ቀጭን ድምፅ ኖረ። አንድ ቀን ልጇ የሞተባትን እናት ሆነው ሲዘፍኑ፣ ከፍ የምትለዋ ቦታ ላይ ድምፃቸው ስንጥቅ አለ። ሰው ሳቀ። በማግስቱ ለቀቁ። አሜሪካዊ አግብተው እዚህ መጡ፤ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል የሰው ልብስ ሲያሳጥሩ ኖሩ፤ ባላቸውን ቀበሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሻወር ውስጥ እንኳ አላንጎራጎሩም።

ባለፈው መጋቢት ከጀርመን ደብዳቤ መጣ፤ ያ ቲያትር ሊፈርስ ነው። አንብበው መኝታ ቤት ገቡና፣ ድምፄ ተርፎ ይሆን ብለው የዚያችን እናት ዘፈን ሞከሩ።

ሮማነወርቅ ኩሽና ሾርባ እያማሰለች ጩኸቱን ሰማች። ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ጩኸት፤ በቃ መርዶ ነው! ማማሰያውን ጥላ ሮጠችና አቅፋቸው ታለቅስ ጀመር። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ መርዶ የደረሰው ሰው ይመረመራል እንዴ! ወጥታ የእድር ጓደኛዋን ህብረትን ኮል አደረገቻት።

“ሰው የላቸውም። ብቻቸውን አያልቅሱ።”

በአንድ ሰዓት ውስጥ አስራ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው ከተፍ አሉ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ጀማነህ ወንበር በቫን አምጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ደረደረ። እትዬ ኢርምጋርድ ብቅ ሲሉ ቤቱ ሞልቷል።

“ሮማ፣ እነዚህ ሁሉ ለእኔ ነው የመጡት?”

“ለእርስዎ ነው።”

አሮጊቷ ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ ከንፈራቸውን ቀብተው የፎቶውን ካባ ደርበዋል። ወደ ሮማነወርቅ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ “ድሮ ስዘፍን ከፍ የምትለዋ ቦታ ላይ ስቀውብኛል” አሏት።

ሮማነወርቅ ያኔ ገባት።

“ህብረት፣ ማንም አልሞተም። ዘፋኝ ናቸው።”

“ምን? ከሥራ አስፈቅጄ፣ ነጠላ ዘቅዝቄ፣ ለኮንሰርት?”

“ዝም በይ! ዛሬም ካፈሩ ይሞታሉ፤ ያኔ እንደ ልብሽ ታለቅሻለሽ።”

ዘፈኑ ተጀመረ። ቃሉን ማንም አያውቀውም፤ ህብረት ግን ሳይታወቃት ደረቷን ትመታለች። ያቺ ቦታ ደረሰች። ድምፃቸው ስንጥቅ አለ። ሮማነወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

ለቅሶ ላይ እኮ የአልቃሽ ድምፅ ሲቆረጥ አይሳቅባትም፤ ያን ጊዜ ነው ሌላው የሚቀበላት። ህብረት “ወይኔ ልጄን!” ብላ ተቀበለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እትዬ ኢርምጋርድ ደንግጠው በዓይናቸው የሚስቅ ሰው ፈለጉ፤ አጡ። ትንፋሽ ሳቡና ከለቅሶው በላይ ወጥተው ዘፈኑን ጨረሱት።

በኋላ ንፍሮው ሲቃመስ ጋሼ ጀማነህ መዝገቡን አወጣ። ላልሞተ ሰው ያስለቀሰ አባል ሃምሳ ዶላር ይቀጣል፤ የእድሩ ደንብ ነው። ሮማነወርቅ ቦርሳዋን ከፈተች። ጋሼ ጀማነህ አሮጊቷን አየ፣ ሴቶቹን አየ፤ ሁሉም ዓይናቸው አብጧል።

“ዝጊው፣ ቀርቶልሻል” አላት። “ለቅሶው የእውነት ነበር።”

እኔን ግን ቀብር አርፍደሃል ብሎ የቀጣኝን ሃያ ዶላር እስከ ዛሬ አልመለሰም።