በፀሐይ ቦት ጫማ

ጋምቤላን ፀሐዩ እየጠበሳት፣ አንድ አዛውንት ወደ መንገድ በጀት ስብሰባ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው መጥተዋል። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ያሻሉ፤ ዓይናቸው ከመስኮቱ አይነቀልም።

«አባባ፣ በዚህ ሐሩር ዓሣ ሊያጠምዱ ነው?» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት እየሳቀች።

«ሐሩሩ እዚህ ነው እንጂ፣ እኛ ጋ ጎግ ትናንት ዘንቧል። ዛሬ ከደገመ መኪና አይገባም፣ አይወጣም።»

ከመድረኩ የቀበሌያቸው ስም ተጠራ። «የእናንተ መንገድ ለመጪው ዓመት ተይዟል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸውም እንደ ሰዉ አጨበጨቡና እጃቸውን ለጥያቄ አወጡ። ተራው ሲደርሳቸው ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «እናመሰግናለን» ብቻ ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወደ ወጣቷ ዘንበል አሉና፣ «ሴት ልጄ የምትወልደው ግን በዚህ ወር ነው» አሏት።