ሳልመረምር የፈረምሁበት ጨርቅ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባሕር ዳር ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። የተሸመነው ጨርቅ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ እንከኑን እፈልጋለሁ። ጠርዙን እስባለሁ፣ በጥፍሬ እፍቃለሁ፣ ቁራጩን ውኃ ውስጥ ነክሬ ይሰበሰብ እንደሆነ አያለሁ። አለቃ ቢቆጣ፣ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም። በዚህ ግትርነቴ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ፤ አይቆጨኝም።

ማህፀኔ መውረድ የጀመረው ከአራተኛ ልጄ በኋላ ነው። ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ፣ ሲወጣ በእጄ እየመለስሁ፣ ለማንም ሳልናገር ስንት ዓመት ኖርሁ። ባሌ እንኳ ወገቧን ያማታል ብሎ ነው የሚያውቀው። መቆም ሲያቅተኝ ትልቋ ልጄ ነቃችብኝና እየጎተተች አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነበር።

"እናቴ፣ አይጨነቁ። የላላውን ቦታ የሚደግፍ መረብ እናስገባለን። ዕድሜ ልክዎን ይይዝልዎታል" አለኝ።

ወረቀት አቀረበልኝ። ከምን ተሠራ፣ ጠርዙ ምን ይመስላል፣ ሲቆይ ይሰበሰባል ወይ አላልሁም። ስለዚያ ቦታ ከወንድ ጋር ማውራቱ አንገቴን አስደፍቶኝ ነበር። ቶሎ ፈርሜ ቶሎ መሸፈን ነበር የፈለግሁት።

ለጥቂት ወራት ደህና ነበርሁ፤ ከቤቴ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሬ እሄድ ነበር። ከዚያ ባጃጅ ላይ ስቀመጥ የሚወጋኝ ነገር መጣ። አንድ ሌሊት አልጋ ላይ ባሌ ከጎኔ ብድግ ብሎ "ምንድን ነው የወጋኝ?" አለ። ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲህ መኝታ ለየን፤ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርሁት።

ቀጥሎ ደም መጣ። የወር አበባ ካየሁ ስንት ዓመቴ! ግን ሐኪም ትዝ አላለኝም፤ ትዝ ያለኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሥርዓታችን ደም የሚፈስሳት ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ ስለዚህ ሐይቁ ዳር ካለው ደብራችን በር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር መቆም ጀመርሁ። ጸበል ጠጣሁ። ዛሬ ይቆማል፣ ነገ ይቆማል እያልሁ አንድ ዓመት አለፈ። ጎረቤቶቼ "ምነው በዚህ ዕድሜዋ ከውጭ ቀረች?" ሲባባሉ እየሰማሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ለክርስትና አቅፌ ላስገባት ቃል ገብቼ ነበር። በዚያው ጠዋት ደሙ መጣ። እስከ በሩ አቅፌያት ሄድሁና ለልጄ መለስሁላት።

"እማዬ፣ ግቢ እንጅ! ምን ሆነሻል?"

"እግሬን አሞኝ ነው። እናንተ ግቡ።"

ሕፃኗ ስትጠመቅ ስታለቅስ ከውጭ ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ሐኪሙንም፣ ራሴንም።

የንስሐ አባቴ ሲወጡ ከዋርካው ሥር አገኙኝ። እያፈርሁም ቢሆን ሁሉንም ነገርኋቸው።

"ልጄ፣ ይኸማ ልማደ አንስት አይደለም፤ ቁስል ነው። ቁስልሽን እንደ አደፍ ቆጥረሽ ዓመት ሙሉ ቆምሽ? እስቲደርቅ ከበሩ ቆዪ፤ ነገ ግን ሐኪም ይይሽ" አሉኝ።

በማግስቱ እዚሁ ባሕር ዳር ያየችኝ ዶክተር ሴት ነበረች። መረቡ ሥጋዬን በልቶ ብቅ ብሏል፤ ጠርዙ በጣት ይነካል አለችኝ።

"እንግዲያው አውጭልኛ!"

"እማማ፣ ሥጋዎ በቀዳዳዎቹ አልፎ ከመረቡ ጋር አብሮ በቅሏል። የወጣውን ጠርዝ ብቻ ብንቆርጥ የቀረው እንደገና ሊወጣ ይችላል። ሁሉን እናውጣ ካልንም በቁርጥራጭ ነው፤ ፊኛዎ ሊጎዳ፣ ማህፀንዎም ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።"

"ዝም ብለን ብንተወውስ?"

"ሕመሙም መድማቱም ላይቆም ይችላል።"

ቀስ ብላ ደግሞ፣ አንዳንድ አገሮች ለማህፀን መውረድ መረብ በታች በኩል ማስገባት እንዳቆሙ ነገረችኝ። የሚታወቅ ነገር ኖሯል! ብወጣም ብገባም መረቡ እዚያው ሆዴ ውስጥ ነው።

መረቡን ለማውጣት የሚፈረመውን የፈቃድ ወረቀት ከእስክሪብቶ ጋር ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"መጀመሪያ ጨርቁን አሳይኝ" አልኋት።

ግራ ገባት፤ ቢሆንም ከመሳቢያዋ መዳፍ የምታክል የመረብ ናሙና አወጣችልኝ። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድሁ። ድርና ማግ የለውም፤ እንደ ሹራብ የተጠላለፈ የፕላስቲክ ክር ነው። ሁለቱን ጫፎች ያዝ አድርጌ ሳብሁት። ጎኑ ተጠቀለለ፤ ቀዳዳዎቹ ተዘጉ። የተቆረጠውን ጠርዝ ዳሰስሁት፤ ይዋጋል። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

"ይኸን እኔ ብሆን አላሳልፈውም ነበር" አልሁ።

ወረቀቱን ሳልመረምር አልፈርምም ብዬ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ናሙናውን መለስሁላት። የእኔን በሆዴ ይዤ ወጣሁ። መንገዴ በደብሩ በኩል ነበር፤ እንደለመድሁት ከበሩ ውጭ ቆሜ ተሳለምሁ።