ካርድ የሌለው አይገባም

የቀለም ፋብሪካውን ዘበኛ እውነተኛ ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ «ጋሽ ይግቡ» ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቢሮውን በር በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ወደ ውስጥ እየጋበዙ፣ «ይግቡ፣ ኧረ ይግቡ» ሲሉ ኖረዋል። ላያቸው ሰው ዘበኛ ሳይሆን የሠርግ ቤት አስተናጋጅ ይመስሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በዚሁ አክብሮት ተጋብዞ የገባ ሰው የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒውተር አቅፎ ወጣ። ሲወጣም ጋሽ ይግቡ በሩን ይዘውለታል፤ ዕቃው ከባድ ነበራ።

ሥራ አስኪያጁ አንጀቱ አረረ። ለሠራተኛ ወንበር ግዛ ሲሉት እጁ የሚያጥረው ሰው፣ በካርድ ብቻ የሚከፈት፣ በራሱ የሚዘጋ፣ ሲዘጋም የሚጮኽ የመስታወት በር አስገጠመ። በሩ በተመረቀ ዕለት ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ደኅንነት ተናገረ፣ ስለ ሥልጣኔ ተናገረ፣ ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው ያለ ካርድ ከገባ እርስዎ ይወጣሉ። ማንም ይሁን ማን።»

ጋሽ ይግቡ ከወጡ ደግሞ የሚወጡት ከሥራ ብቻ አይደለም። ከመጋዘኑ ጀርባ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩባት ክፍል የፋብሪካው ናት። ልጆቻቸውን እዚያው አሳድገው ድረዋል፤ ሌላ መግቢያ የላቸውም። ፈሩ፣ በጣም ፈሩ።

በማግሥቱ ሌላ ሰው ሆነው ተነሡ። ፖስተኛውን መለሱ። ቧንቧ ሠሪውን መለሱ፤ ኮሪደሩ በሽንት ቤት ውኃ ሲጥለቀለቅ ዋለ፤ ደኅንነቱ ግን ተጠበቀ። ባለቤታቸው ምሳ ይዘው ሲመጡም ደጃፍ ላይ አስቆሟቸው።

«ካርድ አለሽ?»

«አንተ ሰውዬ ምን ነካህ? እኔ ነኝ እኮ።»

«ማን እንደሆንሽማ አውቃለሁ። ካርድ ነው የጠየቅሁሽ።»

ባለቤታቸው ሳህኑን በበሩ ደፍ ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ በሩ ያብላህ» ብለው ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ግን አሁንም አላመናቸውም። ወደ አንድ የጥበቃ ድርጅት ደውሎ፣ ሳይታወቅ ገብቶ የሚፈትናቸው ሰው እንዲልክ አዘዘ። ማን እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ለእኔም እንዳትነግሩኝ አለ፤ ፈተናው የምር እንዲሆን። በብልጠቱ ራሱ ተደነቀ።

አንድ ጠዋት ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ትልቅ የኬክ ካርቶን በሁለት እጁ ታቅፎ በሩ ላይ ደረሰ።

«አባባ፣ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄ ስለሞላ ይክፈቱልኝ።»

የጋሽ ይግቡ እጅ በልማድ ወደ በሩ ሄደ። መለሱት።

«ኬኩን መሬት ያኑሩና ካርድዎን ያሳዩኝ» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ላብ አጠመቃቸው።

ይኼኔ ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው ወርዶ መጣ። ኬክ የያዘ የተከበረ እንግዳ ደጅ ሲጠና ሲያይ ደሙ ፈላ።

«እንዴት ነው ሰው የሚቀበሉት ጋሼ? እጃቸው ሞልቶ እያዩ?» አለና ካርዱን አስነክቶ በሩን በገዛ እጁ ያዘ። «ይግቡ፣ ኧረ ይግቡ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«አይሆንም፣ እንግዳ ይቅደም።»

እየተገባበዙ ገቡ።

ከምሳ በፊት ሰውየው በሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ ተደላድሎ ተገኘ። ካርቶኑ ባዶ ነበር። የተላከው ለፈተና እንደሆነ ተናገረ፤ ማን አስገባህ ሲባል በትሕትና ወደ ጠያቂው ጠቆመ።

ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛውን ሲፈልግ ውሎ አመሻሽ ላይ አገኘው፤ ጋሽ ይግቡን አስጠራ።

«ለምን አልከለከሉኝም?»

«እርስዎን?»

«እኔንስ ቢሆን? ማንም ይሁን ማን አላልኩም? ነገ የስንብት ደብዳቤዎን ፈርሜ እሰጥዎታለሁ።»

ባልና ሚስት ዕቃቸውን ማሰር ጀመሩ። ጋሽ ይግቡ አለቀሱ። ባለቤታቸው ግን የሚያስሩትን ገመድ አስቀመጡ።

«እኔን ለምን አልከለከልከኝም ነው ያለህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ከልክለዋ።»

ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ በሩ ላይ ደረሰና ኪሱን ዳበሰ። ካርዱ ትናንት በለበሰው ኮት ውስጥ ቀርቷል። መስታወቱን አንኳኳ። ጋሽ ይግቡ ውስጥ ቆመዋል።

«ይክፈቱልኝ ጋሼ፤ በሰበስኩ እኮ።»

«ካርድ አለዎት?»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«ማን እንደሆኑማ አውቃለሁ።»

ገንዘብ ያዧ መጣች፤ ካርዷን አስነክታ «ይቅርታ ጌታዬ፣ መመሪያ ነው» ብላ ገባች። በሩ ከኋላዋ ጮኾ ተዘጋ። ሹፌሩም እንዲሁ። ጸሐፊውም እንዲሁ፤ እሱ እንኳ ጃንጥላውን አጥፎ ለመግባት ጊዜ ወስዶበታል።

ሥራ አስኪያጁ መስታወቱን እየደበደበ አሁኑኑ እንደሚያባርራቸው ጮኸ። ጋሽ ይግቡ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ደብዳቤው ያለው ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ለመፈረም መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል።