የሆድ ውሃውና የዚያው ቀን ደም

በላቦራቶሪው ሠላሳ ዓመት ያገለገሉትን ሽማግሌ ሁሉም «ጋሼ ቀስ በሉ» ይላቸው ነበር። ቱቦ ይዞ የሚሮጥ ሁሉ ከአፋቸው የሚሰማው ይህንኑ ነውና፣ ስሙ እንደ ነጩ ጋዋናቸው ልካቸው ሆኖ ቀረ።

አንድ ረፋድ፣ በሩ ላይ ወረፋው ተጨናንቆ ሳለ፣ ወጣቷ ሐኪም ከአንድ አናጢ ሆድ የተቀዳ ውሃ ይዛ ገባች። ሰውየው በተሽከርካሪ ወንበር ከኋላዋ አለ፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ወንበሩን የምትገፋው ሚስቱ ናት።

«ጉበቱ ነው! ተደብቆ እየጠጣ እኮ ነው» አለች።

«ጠብታ አልቀመስኩም ብላት አታምነኝም» አለ አናጢው።

ጋሼ በውሃው ውስጥ ያለውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ለኩ፤ በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን ከሰውየው የሕክምና ካርድ ላይ ወስደው የውሃውን ከዚያ ቀነሱ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ወደ ጉበት ያመለክታል። አንድ ነጥብ አራት ወጣ፤ ሰፊ ነው።

«አላልኩም?» አለች ሚስት። ሐኪሟ ብዕሯን አነሣች።

ጋሼ ካርዱን ሊመልሱ ሲሉ ዐይናቸው ቀኑ ላይ ዐረፈ። ደሙ የተቀዳው ከሃያ ቀን በፊት ነው! ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ።

«ዶክተር፣ አትጻፊ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የዛሬ ውሃ ከዛሬ ደም ጋር ነው የሚተያየው።»

«ደግሞ ደም? ሰውየውን ልትጨርሱት ነው?» ሚስት ጮኸች።

«ይቅዱ፤ እኔ ነኝ ባለደሙ» አለ አናጢው፣ ክንዱን እየዘረጋ።

አዲሱ ደም ተለካ፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ ቀነሱ። ዜሮ ነጥብ ስድስት። ሐኪሟ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ልዩነቱ ሲጠብ ነገሩ ከጉበት ይርቃል፣ ካንሰርም ይጠረጠራል። ሚስት ክፉ ነገር እንዳለ ከሐኪሟ ፊት አነበበችና ወንበሩን ወደ ራሷ ሳበች። ጋሼም፣ «ምነው ቀኑን ባላየሁት» የምትል ሐሳብ ሽው አለችባቸው፤ አፈሩባት። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው በውሃው ውስጥ ያሉትን ሴሎች አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ የቀረውን ውሃ ለሌላ ምርመራ ላኩት።

ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን ባልና ሚስቱ ፊት ቆማ አነበበችው።

«የካንሰር ሴል አልተገኘም። ሁሉም ምልክት ወደ ሆድ ቲቢ ነው የሚያሳየው። መድኃኒቱን ለወራት ሳያቋርጥ ከዋጠ ይድናል።»

ሚስት ባሏን አየችው፤ ይቅርታ የሚለው ቃል አንደበቷ ላይ ተንገዳገደና ተመለሰ።

«ና እንሂድ» አለችው፣ ወንበሩን ቀስ አድርጋ እያዞረች። «ክኒኑን በየጧቱ የማስውጥህ እኔ ነኝ።»