በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሳህን

ሙሂዋ ከሙላንጄ ተራራ ውረድ ቢሉት የማይወድ ሰው ነበር። በጉብዝናው ወራት የጽድ ግንድ እየጣለ፣ ሳንቃውን በራሱ ተሸክሞ ወደ ሜዳው ያወርድ ነበር። ጽዱ እንዳይቆረጥ ሲከለከል ደግሞ ተራራ ወጪዎች የሚያድሩበትን የእንጨት ቤት እንዲጠብቅ ተሾመ። ሹመት የሚለው እሱ ነው። ሥራው እሳት ማንደድ፣ ውሃ መቅዳት፣ ወለል መጥረግ ነው። እንግዳ የጫማውን ጭቃ ሳያራግፍ ሲገባ ካየ አይቆጣም፤ መጥረጊያውን አንሥቶ በሩ ላይ ያቆመዋል። እንግዳው ይገባዋል።

ባለፈው የዝናብ ወራት ከወንዝ ሲመለስ ድንጋይ አዳለጠውና ወደቀ። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ውሃው ዳር አደረ፤ በማግሥቱ መንገደኞች አግኝተው አነሡት። ወሬው ታች መንደር፣ ልጁ ናቺሳሌ ዘንድ ሲደርስ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚወጣ ተሸካሚ ሁሉ ከእሷ አንድ ዓይነት መልእክት ያመጣል፦ «ቤቱ ተከድኗል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ይውረድ።»

እነሆ ዝናቡ ዳግመኛ ሊገባ ነው። ባሏ ማሳውሶ ዛሬ የእንግዳ ጓዝ ተሸክሞ ይመጣል፤ ነገ ሲወርድ የሙሂዋን የመጨረሻ ቃል ይዞ መሄድ አለበት።

ሙሂዋ ልጁን የሚረታበት ቃል አልነበረውም። መውደቁ እውነት ነው። ታች ወርዶ የሚሆነውንም ያውቀዋል፤ ግድግዳ ተደግፎ የሰው በቆሎ ከዶሮ የሚጠብቅ ሽማግሌ። ስለዚህ ጉዳዩን ከእሱም ከልጁም በላይ ለሆኑት ለተራራው ባለቤቶች፣ ለቀደሙት አባቶች ሊሰጠው ቆረጠ። ንሲማውን፣ ያን ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ፣ አገነፋ። በለውዝ ዱቄት የተሠራ ባቄላ ጨመረበት። ሳህኑን በሰፊ ቅጠል ሸፍኖ ከቤቱ በታች፣ ከመንገድ ርቆ ባለው አሮጌ ጽድ ሥር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አኖረው።

«እንድቆይ ከፈቀዳችሁ ተቀበሉኝ» አለ ባርኔጣውን አውልቆ። «ማታ እንዳለ ካገኘሁት እወርዳለሁ።»

አባቶችን አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ስድብ ነው። ስለዚህ አንዴ ተናግሮ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ተመለሰ።

ከቀትር በኋላ ቺፔሮኒ ወረደ። ቺፔሮኒ ጉም ነው እንዳይሉት ያረጥባል፣ ዝናብ ነው እንዳይሉት አይዘንብም፤ ብቻ ሰው የዘረጋውን እጁን እንዳያይ ያደርገዋል። ሙሂዋ መንገደኛ በድምፁ እንዲመራ ከጣራው ጠርዝ የተንጠለጠለውን የብረት ቁራጭ በመዶሻ ይደበድብ ጀመር። ከብዙ ድብደባ በኋላ ሁለት ሴቶች እየተንቀጠቀጡ ደረሱ። አንደኛዋ ኤስናርት የምትባል የዞምባ ከተማ አዋላጅ ነበረች፤ ሁለተኛዋ ታናሽ እኅቷ ናት፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ መናገር አቅቷታል።

«ማሳውሶስ?» አለ ሙሂዋ።

«ሹራቤን ያረፍንበት ረስቼው ሊያመጣልኝ ተመለሰ» አለች ኤስናርት፣ ሽማግሌውን በአገሩ ወግ ‹ባምቦ›፣ አባት ብላ እየጠራች። «ተው ብዬው ነበር፣ ባምቦ። ‹የእኔ እመቤት በብርድ ሞተችብኝ ብዬ ለማን ላስረዳ?› ብሎኝ ሄደ።»

ሙሂዋ ብረቱን መምታት ቀጠለ። ክንዱ ሲዝል እጁን ለወጠ። ሊመሽ ሲል ማሳውሶ ሹራቡን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ በመንገዱ ሳይሆን በታች በኩል፣ ከአሮጌው ጽድ አቅጣጫ ወጣ። መንገድ ስቶ ነበር። እንደ ደንቡ ለአማቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ወሬ ሳያበዛም እሳት ዳር ተቀመጠ።

ሙሂዋ ብርሃን ሳያልቅ ወደ ድንጋዩ ወረደ። ሳህኑ ባዶ ነበር፤ የታጠበ እስኪመስል ተጠርጓል። ዝንጀሮ ቢሆን ገልብጦት ይሄድ ነበር። ሳህኑ ግን እንደተቀመጠ አለ፤ ቅጠሉም በአራት ታጥፎ ከጎኑ ተቀምጧል። ሽማግሌው ጉልበቱን ረስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ተቀበላችሁኝ» አለ።

ወደ ቤት ሲመለስ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚራመደው። ከዚያው ባቄላ የተረፈውን አሙቆ ለእንግዶቹ አቀረበ። ኤስናርት አንዴ ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«ባምቦ፣ ምነው ይህን ባቄላ ሳላገባ ባስተማሩኝ! ማሳውሶ፣ ና እንጂ።»

«ጠግቤያለሁ» አለ ማሳውሶ።

ኤስናርት ከት ብላ ሳቀች። «ጠግቤያለሁ? ጠዋት የእኔን ድንች፣ የእኅቴን ድንች፣ ለመንገድ የያዝነውን ሙዝ የጨረሰ ሰው? ይህ ተራራ ሊናድ ነው መሰለኝ!»

«አማት ፊት ብዙ አይበላም» አለ ማሳውሶ መሬት መሬት እያየ።

«ደግሞ በዚህ ተራራ ዱር ውስጥ፣ የቀደሙት አባቶች ያኖሩት የበሰለ ምግብ ይገኛል ይላሉ» አለች ኤስናርት። « እውነት ነው? አግኝተህ ታውቃለህ?»

ማሳውሶ እሳቱን አየ። አንድ እንጨት ወደ ውስጥ ገፋ።

«ያገኘ ይበላል እንጂ አይናገርም» አለ ሙሂዋ በእሱ ፈንታ።

«ከተናገረስ?»

«መንገዱ ይጠፋዋል።»

ይህን እያለ የአማቹን ፊት አየ። በእሳቱ ብርሃን፣ ጢሙ ጫፍ ላይ፣ የለውዝ ዱቄት ደርቆ ነበር። በአራት የታጠፈው ቅጠል ያን ጊዜ ትዝ አለው። አባቶች ቅጠል አያጥፉም። ቅጠል የሚያጥፈው በሰው ቤት መብላት የለመደ፣ ሥርዓት የተማረ አማች ነው።

ኤስናርት ከሳህኗ በማንኪያ ጨልፋ ወደ ማሳውሶ አፍ ዘረጋች። «አንዲት ብቻ። ቅመስ፣ በሞቴ!»

ሙሂዋ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ማሳውሶ አንዴ ከቀመሰ ጽዱ ሥር የበላውን የማን እጅ እንደሠራው ያውቃል፤ ሳህኑም የማን እንደነበር ይገባዋል።

«ተይው» አለ፤ ድምፁ ካሰበው በላይ ከረረ። «የጠገበ ሰው አይለመንም።» ድስቱንም አንሥቶ ከበሩ ጀርባ አኖረው።

ሴቶቹ ተኙ። ሙሂዋ አልተኛም። አባቶች ሰጡኝ ያለው ምልክት የአማቹ ረኀብ ነበር። እንደገና እንዳይጠይቃቸው፣ አባቶች ሁለት ጊዜ አይጠየቁም። ‹ሳህኑ የእኔ ነበር› ብሎ ለማሳውሶ ቢናገር፣ ነገ ጠዋት ናቺሳሌ አሸንፋለች። ባይናገር ደግሞ፣ በዚህ ቤት ዋሽቶ አድሮ አያውቅም።

ሲነጋ ጉሙ ተገፎ የሻይ ማሳው ከታች እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ታየ። ሴቶቹ ደጅ ቆመው እየተጠቋቆሙ ሲስቁ፣ ማሳውሶ ከወንዝ ሲወጣ ታየ። ሁለቱንም ባልዲ ሞልቶ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ባልዲዎቹን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ባምቦ፣ ናቺሳሌ ‹እምቢ ካለ እንደ ዶሮ በቅርጫት ይዘኸው ውረድ› ብላኝ ነበር።»

«ቅርጫቱን አላየሁትም።»

«አላመጣሁትም። ይቆያሉ ብዬ እነግራታለሁ። እዚህ እሳት መጥፋት የለበትም።»

«ለምን ብትልህ?»

«አልናገርም» አለ ማሳውሶ፤ ዓይኑን ወደ አሮጌው ጽድ ሰደደ።

ሙሂዋ አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። «ውሃውንስ?» አለ በመጨረሻ። «ልጄ የምትፈራው ተራራውን አይደለም፤ ውሃውን ነው።»

«ውሃው የእኔ ነው። እኔ ባልመጣ ጊዜ የሚመጣው ተሸካሚ ይቀዳል፤ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። እምቢ የሚል ካለ ስሙን ይንገሩኝ። እርስዎ ወንዝ እንዳይወርዱ ብቻ ይማሉልኝ።»

ሽማግሌው ባልዲዎቹን አያቸው። ውሃው ገና እየተናወጠ ነበር። የሚፈልገው ሁሉ፣ ሳይለፋበት፣ እደጁ ላይ ተቀምጦለታል። ‹ያገኘ አይናገርም› የሚለውን ሕግ ደግሞ ማታ በገዛ አፉ ነው የተናገረው።

«እምላለሁ» አለ። አንዱን ባልዲ አንሥቶ ወደ ቤቱ ገባ።