ማን ቀድሞ ይግባ

እኔ ሰው ለመጠርጠር ብዙ አልቸገርም። ባሌ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» ይለኛል። ይበል። ናይሮቢ መጥቶ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ካልጠረጠረ ምን ሊውጠው ነው?

ምግብ ቤታችን ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነው። የባሌ የአጎት ልጅ ባሏ ከሞተባት በኋላ በሞያሌ በኩል መጥታ እኛ ቤት አረፈች። የስደተኛ ወረቀቷን እየጠበቀች ስለሆነ ሌላ መሄጃ የላትም። ባለሙያ ሴት ናት፣ አልዋሽም። ጠዋት ጠዋት ምግብ ቤቱን እሷ መክፈት ጀመረች፤ ገበያችን የቀዘቀዘውም ያኔ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ያልቅ የነበረው እንጀራ እየተረፈ ያድር ጀመር። በልቤ «እግረ ደረቅ ናት» አልኩ። ጠዋት ደጁን ቀድሞ የረገጠ ሰው የቀኑን ገበያ ወይ ያረጥበዋል ወይ ያደርቀዋል። እናቴም ነጋዴ ነበረች፤ ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ድምፄን አጥፍቼ ኢምባካሲ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል አፈላለግኩላት። እዚያ አንድ ሰው አታውቅም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?

ከአከራይዋ ጋር በስልክ ሳወራ ልጄ ሰማችኝ። ልጄ እዚሁ ነው ያደገችው፤ ኮሌጅ ገብታ ስታቲስቲክስ መማር ጀምራለች። «እማዬ፣ ሲሪየስሊ? ኤቪደንስሽ የታለ?» አለችኝ። እንጀራውን አሳየኋት። «ዝናቡስ፣ ማዶ የተከፈተው አዲሱ ምግብ ቤትስ፣ አክስቴ ከፍታ ገበያው የደራባቸው ቀኖችስ?» ብላ አፋጠጠችኝ። እውነቱን ለመናገር የደሩት ቀኖች ትዝ አላሉኝም።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ክሱን አምነን አንጀምርም አለች፤ የምንጀምረው «እግሯ ምንም አያደርግም» ብለን ነው። እሷ የምትከፍትበትንና እኔ የምከፍትበትን ቀን እናነጻጽራለን። ከዚያ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ እግሯ በእርግጥ ምንም የማያደርግ ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመምጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው? በጣም አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መነሻችንን እንጥለዋለን፣ አንቺ ረታሽ። በአጋጣሚም የሚመጣ ከሆነ ግን ልትከሻት አትችይም። «አልፎ አልፎ» የምንለው ምን ያህሉን እንደሆነም አሁኑኑ እንወስን አለች፤ ውጤቱን ካየሽ በኋላ ወሰኑን እንዳትገፊው። ይኸው በገዛ ልጄ ተጠረጠርኩ።

ተራውን የሃያ ሽልንግ ሳንቲም ይወስን ተባለ። በአንድ ፊቱ ያለው ዝሆን ከወጣ የባሌ ዘመድ ትከፍታለች፣ ካልወጣ እኔ። ለእሷ ሥራ ለመከፋፈል ነው ብለን ነገርናት። ልጄ አክስቷን ስለምትወድ እጇን አላመንኩትም፤ ሳንቲሙን የምወረውረው እኔው ነኝ። ልጄ ደግሞ እንጀራው ያለቀበትን ሰዓት ስልኳ ላይ ትመዘግባለች።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሁድ ልጄ ሒሳቧን ጨርሳ መጣች። በአክስቷ ቀኖች ገበያው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ግን ይሄን ያህሉ ልዩነት በአጋጣሚም የሚመጣ ነው፤ መነሻውን ልንጥለው አንችልም አለች። እና ነጻ ናት ማለት ነው? ብዬ ጠየቅኳት።

«ነጻ ናት አላልኩም እማዬ። የሚያስፈርድባት ማስረጃ አላገኘንም ነው ያልኩት።»

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለች ቀዳዳ አታመልጠኝም። ነጻ ካልተባለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በማግስቱ ዝሆኑ ሲወጣ ቁልፉን ለአክስቷ ሰጠሁና ዱካዬን አጥፍቼ ተከተልኳት። ከመንገዱ ማዶ ካለች ኪዮስክ ጀርባ ቆሜ አየሁ።

ቁልፉን ፈታች፣ የብረቱን በር ወደ ላይ ገፋችው። አልገባችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በየጠዋቱ አትክልት የምታመጣልን ማማ ምቦጋ ቲማቲምና ሱኩማ ጎመኗን ተሸክማ ስትደርስ «ካሪቡ፣ ግቢ» ብላ አሳለፈቻት። ከዚያ አማተበችና ከኋላዋ ገባች።

መንገዱን ተሻግሬ ምንድን ነው የምትሠሪው አልኳት።

«እትዬ፣ በእኔ ተራ ሁልጊዜ እሷን ነው የማስቀድመው» አለች መሬት መሬት እያየች። «እኔ እኮ እግሬ ደረቅ ነው። ያገባኝም ሰውዬ አልበረከተም። የእናንተም ቤት በእኔ እግር እንዳይደርቅ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ቀን ስንፈትን የከረምነው የማማ ምቦጋን እግር ኖሯል። ልጄ ስትሰማ ራሷን ይዛ ዳታው በሙሉ ገደል ገባ፣ ከመጀመሪያው እንጀምር አለች። እኔን ግን የታየኝ ሌላ ነው። ደብቄ ያሰብኩትን እሷም ስለ ራሷ አምና ከደጅ ቆማ ኖሯል። ኢምባካሲ ደውዬ ለአከራይዋ ሌላ ተከራይ ትፈልግ አልኳት።

በነጋታው ሳንቲም አልወረወርኩም። በሩን ራሴ ከፈትኩና ክንዷን ይዤ ግቢ አልኳት። «እትዬ፣ ይቅርብሽ» እያለች ወደ ኋላ ሳበችኝ። አልለቀቅኳትም። ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች፣ እኔ ከኋላዋ። አልዋሽም፣ ዓይኔ እግሯ ላይ ነበር።

ማታ ልጄ ስልኳን አውጥታ እንጀራው በስንት ሰዓት አለቀ ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።